አንድ ጭብጥ የበግ ጠጉር

ዛሬ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ፣ ከታች ያለው ጎረቤቴ አሮጌ መኪናውን ለማስነሳት ሲታገል ሰማሁ። ኽርኽርኽርኽር ትላለች፣ ታርፋለች። ደግሞ ኽርኽርኽርኽር። ሞተሯ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። አንቺ ብትሰሚው ምንም ላይመስልሽ ይችላል፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ በታኅሣሥ ጠዋት፣ የማን መኪና ነው ባንዴ የሚነሳ። እኔ ግን ሳሙናውን ሳልለቃለቅ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወርጄ፣ አየር ማስገቢያውን እየው፣ አንዳች ነገር ተወትፎበት እንዳይሆን አልኩት። ሰውዬው አረፋ የለበሰ ፊቴን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ናፍጣ ጨርሶ ኖሯል፣ ኋላ እንደሰማሁት።

ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ስሚኝማ ልንገርሽ፤ ዛሬ ካልነገርኩሽ መቼም አልነግርሽም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ግሼ፣ ራቤል ተመድቤ፣ እኔ የማላውቀው ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አፌ አያርፍም። ተማሪ ሲሳሳት መልሱን ከአፉ ነጥቄ እነግረዋለሁ። ሹፌር ጎን ከተቀመጥኩ ማርሽ መቼ እንደሚቀየር አስተምረዋለሁ፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። የተከራየሁት ክፍል ከከተማው ጫፍ፣ ከገደሉ ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ባለቤት የድጓ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም የኔታ። ባለቤታቸውን እማማ ነበር የምላቸው።

የኔታ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ነበር። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ሰው ፊታቸው ሲቆም በጥላው ያውቃሉ፣ የቀረው ሁሉ በጆሮ ነው። ለማስተማሩስ ዓይን አላስፈለጋቸውም፤ ድጓው ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ነው። አንጀታቸውን የሚበላው ሌላ ነገር ነበር። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በገዛ እጃቸው አንድ ድጓ በብራና ላይ ሲጽፉ ኖረው፣ ሊፈጽሙት ጥቂት ቅጠል ሲቀራቸው ዓይናቸው ከዳቸው። ፊደሉ ሳያንስ፣ የዜማው ምልክት ከፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፍ ደቃቅ ነገር ነው። ሌላ ሰው ይጨርስልዎ ሲባሉ፣ የሌላ እጅ ከገባበት ሁለት መጽሐፍ ይሆናል ብለው እንቢ አሉ። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ከራስጌያቸው ተሰቅሏል። አመሻሽ ላይ ያወርዱትና ቅጠሉን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ጽሑፉ የሚቆምበት ላይ ሲደርሱ ይዘጉታል። እኔ ያንን ባየሁ ቁጥር እናደድ ነበር። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባሽም። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቻቸው ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሲያዜሙ፣ የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ቀስ እያሉ ይመታሉ። ተማሪው የሳተ እንደሆነ መቋሚያዋ ትቆማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። አይቆጡም፣ አይነግሩትም። ልጁ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል፣ ደግሞ ይስታል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ራሱ እስኪያገኘው የኔታ ፀሐያቸውን እየሞቁ ይጠብቃሉ። አንዳንዱን ልጅ ግማሽ ቀን ይጠብቁታል። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ የተሳሳተው ልጅ፣ ለምሳ ስመለስ እዚያው ስሕተቱ ላይ ይቆየኛል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ አንዲት ቃል ቢነግሩትስ ምናለበት አልኳቸው።

«የነገርኩት የእኔ ነው፣ ልጄ። ያገኘው ነው የሱ» አሉኝ።

በልቤ ሳቅኩ። በዚህ ዓይነት እኔ ባስተምር የኒውተንን አንደኛ ሕግ ሳንጨርስ ዓመቱ ያልቃል ብዬ።

በዚያ ታኅሣሥ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የዓይን ሐኪሞች መሐል ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ሞራ እንደሚገፍፉ ተሰማ። ሁለቱ ቀን የኔታን ስንለምን አለፈ። ዓይኔ ላይ ቢላዋ አይሆንም አሉ፣ እግዜር የዘጋውን እሱ ይክፈተው አሉ፣ መንገዱ ወገቤን ይቆርጠዋል አሉ። እማማ በእንባ፣ እኔ በክርክር። ክርክሬ ሁሉ ሲያልቅብኝ መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጣሁና ጭናቸው ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብርቄ ነበር። ጣታቸው ቅጠሉን ቆጥሮ ቆጥሮ ባዶው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«በይ እሺ» አሉ።

የቀረን አንድ ቀን ነበር፤ ያውም እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የተመዘገበ ብቻ ነው የሚታየው ተብሏል። በዚያው ዕለት ማታ የእማማ የወንድም ልጅ በአሮጌ ፒካፕ ዕቃ ጭኖ ከመሐል ሜዳ መጣ። ጠዋት ባዶዋን ይመለሳል። አውቶቡስማ ነበር፣ ማለዳ የሚወጣ፤ ግን የኔታ ከጆንያና ከዶሮ መሐል ተጨናንቀው እንዲሄዱ እኔ አልፈለግሁም። ፒካፕዋ ጋቢና ውስጥ፣ በክብር፣ ከጎናቸው እኔ ሆኜ። የወሰንኩት እኔ ነኝ። ማንም ሌላ ሰው አልወሰነም።

የእኛ አገር ሹፌር መኪናውን ሳያለብስ አያድርም፣ መቼም ታውቂያለሽ። የመንዝ ብርድ ብረት ያደነዝዛል። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፈተና ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና ከጋቢና አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ ዘመድ ሊጠይቅ ቸኩሏል። ቲቸር፣ ደህና አድርገሽ አልብሻት፣ ብርድ ከገባባት ነገ ጉድ ነው የምንሆነው ብሎኝ ሄደ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ነፋሱ ከገደሉ እየተነሳ የባናውን ጫፍ ይገልብብኛል። በአንድ በኩል ብሸፍን በሌላው ያጥራል። ባናው ካጠረበት ጎን አንድ ወፍራም ቱቦ አፉን ወደ ነፋሱ ከፍቶ ወጥቷል። ነፋሱ ሲገባበት ፉጨት ያሰማል። በዚህ በኩል እኮ ብርዱ ሆዷ ድረስ ይዘልቃል አልኩ ለራሴ።

እማማ በሩ ላይ ተቀምጠው ጠጉር እየፈተሉ ነበር፤ የኔታ ከጎናቸው። የታጠበና የተባዘተ ነጭ ጠጉር ቁናው ሙሉ አለ። እማማ ትንሽ ጠጉር ልውሰድ አልኩ፣ ውሰጂ ልጄ አሉኝ፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቁኝም። አንድ ጭብጥ ወሰድኩና ቱቦው አፍ ውስጥ በጣቴ ገፍቼ ገፍቼ ወተፍኩት። ፉጨቱ ቆመ። ኮፈኑን ዘጋሁና፣ አሁን ሞቀሽ ብዬ በመዳፌ መታ መታ አደረግኋት።

ሞተር አየር ካላገኘ እንደማይነድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስተምር ሴትዮ ነኝ እኮ! በዚያው ሳምንት አስተምሬዋለሁ።

ጠዋት ግቢው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። እማማ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ የኔታ ዓይናቸው በርቶ እንዲመለሱ ሊለምኑ። እኔ የኔታን አለበስኩ፣ ጋቢያቸውን አስተካከልኩ፣ ሦስት ጊዜ አስተካከልኩ። ወጥተን ስናይ ሹፌሩ ባናውን አንስቶ አጣጥፎታል። ቱቦው ትዝም አላለኝ። የኔታን ጋቢና አስገባሁ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ከታች አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ከከተማው ሲወጣ ሰማነው። ይሂድ፣ አንፈልገውም አልኩ።

ሹፌሩ ቁልፉን አዞረ። ኽርኽርኽርኽር።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ ብርድ ነው። ደግሞ አዞረ። ማስነሻ ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ያሽከረክራል፣ ባትሪውም አልደከመም፣ ግን አትነሳም። ሹፌሩ ወረደ። ናፍጣው ረግቶ ይሆናል አለና ውሃ አፍልቼ አመጣሁለት፤ በጨርቅ እየነከረ ፊልትሮውን አሞቀው። ኽርኽርኽር። ከናፍጣው መሥመር አየር ገብቶ ይሆናል አለና ብሎኑን አላልቶ በእጁ ሲገፋ ሲገፋ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ወጣ። ኽርኽርኽር። እኔ ስልኬን አያለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። እስከ መሐል ሜዳ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ደርሰን መመዝገብ አለ፤ እየደመርኩ እቀንሳለሁ፣ እንደገና እደምራለሁ።

ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ሹፌሩ እየሮጠ ወጣና መሐል ሜዳ ያለ አንድ መካኒክ ጋ ደወለ፤ እየሮጠ ወረደና ካንዴላዎቹን አየ፣ ይሞቃሉ። እንደገና ሮጦ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። መካኒኩ በግፊ ሞክሯት ብሏል። የኔታ ተማሪዎች ተጠሩ፤ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቁልቁለቱን ገፉዋት። የኔታ ውስጥ ሆነው በመቋሚያቸው ወለሉን ቀስ እያሉ ይመታሉ፣ ለልጆቹ አይዟችሁ እንደማለት። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጫ ከታች ሜዳው ላይ ቆመች። ቁልቁለቱም አለቀ። አሁን ከዚህ ወዲያ የምትገፋበት የለም።

ሹፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ያን ጊዜ እኔ አፌን ከፈትኩ። ልጆቹ ከበውኛል፣ የአንዳንዶቹ ወንድሞች ክፍሌ ውስጥ ይማራሉ፣ ታዲያ ምን ይገደኛል። ሰዎች ተረጋጉ አልኩ። ሞተር ማለት ሦስት ነገር ነው አልኩ፣ ጣቴን አውጥቼ። አንድ፣ ናፍጣ፤ ይመጣል አይተናል። ሁለት፣ ሙቀት፤ ካንዴላው ይሠራል። ሦስት ...

ሦስት፣ አየር። ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ነጩ ጠጉር፣ ጣቴ፣ የቆመው ፉጨት፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

ሦስት ያው ሌላው ነገር ነው ብዬ ጣቴን ሰበሰብኩ።

ዞሬ ሄጄ ኮፈኑ ሥር አጎነበስኩና ቱቦውን አየሁት። አፉ ባዶ ነው፣ ጥቁር። ምንም የለም። ገና በመጀመሪያው ዙር ጠጉሩን ሞተሩ ወደ ውስጥ ስቦ ወስዶታል፤ አሁን ነው ይህን የማውቀው። ያኔ ግን ልቤ የፈለገውን አመነ፦ ወድቋል፣ ነፋስ ወስዶታል፣ ደግሞስ አንድ ጭብጥ ጠጉር ይህን ሁሉ ብረት ያቆማል? አያቆምም። እንደሚያቆም ግን አውቅ ነበር። ማወቅ ማለት እንደዚያ ነው፣ ሆድሽ ውስጥ ቁጭ ይላል።

ለምን አልተናገርኩም? አትጠይቂኝ፣ ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። የፊዚክሷ ቲቸር ሞተር ደፈነች መባሉን ፈራሁ። ሹፌሩን ፈራሁ። ልጆቹ ፊት ገና አሁን ጣቴን አውጥቼ ስቆጥር ነበርኩ። ደግሞ አሁን ልናገር ስል ሹፌሩ አንድ ነገር መፍታት ይጀምራል፣ ምናልባት ይሄ ይሆናል እላለሁ፣ ይህን ይግጠምና እናገራለሁ እላለሁ። ገጥሞ ሳይሆን ሲቀር፣ ቅድም ያልተናገርሽ አሁን ብትናገሪ ምን ይሉሻል ይለኛል። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ፤ በቆየሁ ቁጥር እሳቱ እየባሰ ሄደ። ሹፌሩ ፊልትሮውን ሁለተኛ ፈታው፣ ፖምፓውን ነካካ፣ ጉብታው ላይ ሮጠ፣ ወረደ። እኔ ከጎማው እስከ እሾህ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ጎማው እመላለሳለሁ። አመዳዩ ቀልጦ ጫማዬ ሣሩ ላይ ጭቅ ጭቅ ይላል። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ወጣች። ስልኬን አወጣለሁ፣ ሳላየው እመልሰዋለሁ።

የመኪናዋ በር እንደተከፈተ ነው፤ የኔታ ፊታቸውን ወደኔ አቅጣጫ አዙረው ተቀምጠዋል። ወለሉን ስትመታ የነበረችው መቋሚያቸው ቆማለች። ያንን አይቻለሁ። አይቼ አልገባኝም።

እንዲህ ሆኖ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። በመጨረሻ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እስቲ ዝም በሉ፣ አንዴ ብቻ አዙራት አሉት ሹፌሩን። ሹፌሩ አዞረ። ኽርኽርኽርኽር። ጆሯቸውን አዘንብለው አደመጡ።

«ትንፋሽ አትስብም» አሉ። «ዜማ የሚያነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይስባል። ይቺ ሳትስብ ነው የምትጮኸው።» ከዚያ ወደ ሹፌሩ ሳይሆን ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። በየት በኩል ነው የምትተነፍሰው?»

በዚህ በኩል አልኩ፣ ቱቦውን እያሳየሁ። ሹፌሩ በካቻቢቴ ማሰሪያውን አላላ፣ ቱቦውን ነቀለ፣ ፒንሳውን የቱቦው መታጠፊያ ውስጥ አስገብቶ ሳበ። ተጠቅጥቆ፣ ረጥቦ፣ አቧራ ጠጥቶ የጠቆረ ጠጉር ወጣ። ናፍጣ በነካው እጁ ይዞት ተነሳና፣ ማነው ይህን ያደረገ ብሎ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። ልጆቹ ተያዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የኔታ መዳፋቸውን ዘረጉ። ወደዚህ በለው እስቲ አሉ። ሹፌሩ አስቀመጠላቸው። በጣቶቻቸው መሐል አሹት፣ አፍንጫቸው ድረስ አቀረቡት።

«አይጥ ናት» አሉ። «ብርድ ሲሆን ጎጆ ትሠራለች።»

ጠጉሩንም ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሹፌሩ አይጥን ከነዘሯ እየረገመ ቱቦውን ገጠመ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እኔ ገብቼ ከየኔታ ጎን ተቀመጥኩ።

መንገዱን ምን ብዬ ልንገርሽ። ሹፌሩ እንደ እብድ ነዳ። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል፣ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ ጉድጓዱ ራሳችንን ከጣራው ያጋጫል። የኔታ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ስልኬን እያየሁ ኮረብታውን በሆዴ እገፋለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ገና መንገድ ላይ ነን።

መሐል ሜዳ ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ ለሰባት አሥር ጉዳይ ነበር። አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ የተሸፈነ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ድንኳኑን እያጠፉት ነው። ነርሷ ደክሟታል፣ ድምፅዋ ግን ክፉ አልነበረም፤ መዝገቡ ስድስት ሰዓት ላይ ተዘግቷል፣ ሐኪሞቹ የመጨረሻዎቹን እየሠሩ ነው፣ ከዚያ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ አለችን። ለመንኳት። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አዘነችልኝና ባትሪ አምጥታ የኔታን ዓይን አበራችበት። በደንብ የበሰለ ሞራ ነው፣ እንዲህ ያለውን በቶሎ ነው የሚገፍፉት፣ ብዙዎቹ በማግሥቱ ያያሉ አለች። ከዚያ ባትሪውን አጠፋች።

«ምናለ አንድ ሰዓት ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለችኝ።

አንድ ሰዓት። ይህችኑ ሰዓት እኮ ነው ከጎማው እስከ አጥሩ ስመላለስ የጨረስኳት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ራዲያተሩ ጋለና ሹፌሩ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ወረደ። ጋቢና ውስጥ እኔና የኔታ ብቻ ቀረን። ነፋሱ ሣሩን ሲያፏጨው ይሰማል። የኔታ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው ጠጉሩን አወጡ፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ይዘረዝሩት ጀመር።

«ይቺ አይጥ ግን ጎበዝ ናት» አሉ። «የታጠበውን መርጣ ነው የወሰደችው።»

ፈገግ ብለው ነበር። ፊታቸው ወደኔ ነው። ጠበቁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር፣ ገባሽ? ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው፤ ከዚያ በኋላ ሳለቅስ ብውልም ምን ነበረበት።

«አዎ፣ የኔታ» አልኩ።

ጠጉሩን ወደ ደረታቸው መለሱት። ከዚያ፣ እኔም ብሆን ቢላዋውን ፈርቼ ነበር፣ መኪናዋ አልነሳ ስትል ትንሽ ደስ ብሎኛል አሉኝ። ይህን ያሉት እውነት ሆኖ ይሁን፣ ለእኔ ሊያቀሉልኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በዓመቱ ሌሎች ሐኪሞች እንደሚመጡ ተወራ፣ መሐል ሜዳ ግን አልመጡም። ደብረ ብርሃን ልውሰድዎ ብላቸው፣ አንዴ ተነሥቼ ነበር፣ ይበቃኛል አሉኝ። የቀረውን እየነገሩኝ ልጻፍልዎ አልኩ፤ ያንቺ እጅ ለጠመኔ ነው ብለው ሳቁ። ሁለት ዓመት እዚያው ግቢ ኖርኩ። ከሥራ ስገባ ሁልጊዜ ይጠሩኝና ዛሬ ምን አስተማርሽ ይሉኛል። ስለ ብርሃን፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ድምፅ እነግራቸዋለሁ። ከጨረስኩ በኋላም ጆሯቸውን አዘንብለው ትንሽ ይቆያሉ። እርጅና ነው እል ነበር። ሌላ የምለው ስለሌለኝ ደህና ይደሩ ብዬ ክፍሌ እገባለሁ። ኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ።

ከዓመታት በኋላ የኔታ በክረምት አረፉ። ለአርባቸው ሄድኩ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ እማማ ወደ ውስጥ ጠሩኝና ማኅደሩን ከራስጌው አወረዱ። የቆዳው ሽታ ያው ነው። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ እንደሳቸው ቅጠል መቁጠር አላስፈለገኝም፣ በራሱ ተከፈተ። ጥቁርና ቀዩ ጽሑፍ እስከ ቅጠሉ አጋማሽ ወርዶ ይቆማል፤ ከዚያ በታች የተሰመረ ባዶ ብራና ነው። ጠጉሩ እዚያ መሐል ተጋድሟል፣ ጠፍጥፎ።

ጽሑፉ የቆመበት ቦታ እንዳይጠፋ ብለው እሳቸው ናቸው ያደረጉት አሉኝ እማማ። አነሳሁት። አሸተትኩት። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ያኔ ነው የተናገርኩት። አይጥ አይደለችም፣ እኔ ነኝ አልኩ። እንዳይበርዳት ብዬ ነው አልኩ። የወተፍኩትን አስታውሼ ከአንድ ሰዓት በላይ ዝም ብያለሁ፣ ዓይናቸው የቀረው በዚያ ነው አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ለአንቺ ያልነገርኩሽን ጭምር።

እማማ አልደነገጡም። በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

«ጠጉሩን የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁ እንዴ፣ ልጄ» አሉ። «እናውቃለን ይበሏት ብላቸው፣ ተያት፣ ራሷ ታገኘዋለች ይሉኝ ነበር። ከአልጋ ከዋሉም በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ መሆንሽን ይጠይቁኝ ነበር።»

ጠጉሩን ከነበረበት ቅጠል ላይ፣ ጽሑፉ ከሚቆምበት መሥመር ሥር መልሼ አስቀመጥኩት፣ ቦታው እንዳይጠፋ።